ኪሎና ሊትር ለተምታታበት የ6 ዓመት ልጅ
ልጅሽ «ሊትርና ኪሎ አንድ ነው» ካለሽ በውኃ ብቻ ስላስለካሽው ይሆናል፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ይመዝናላ!

ሁለት ባለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አምጪ። አንዱን ውኃ፣ ሌላውን ገብስ ይሙላቸው። የልብስ መስቀያ (ሀንገር) ምስማር ላይ አንጠልጥለሽ በሁለቱ ጫፍ እኩል ፌስታል እሰሪ፤ ባዶውን ካዘነበለ አስተካክዪው። ጠርሙሶቹን ሲከት ሊትሩ እኩል ሆኖ ሳለ ገብሱ ሽቅብ ይወጣል። ቀጥሎ ገብሱን በቦርከና ወንዝ አሸዋ ለውጡት፣ አሁን የሚነሣው ውኃው ነው። ከመክተቱ በፊት «የቱ ይወርዳል?» ብለሽ አስገምቺው፤ ያለ ግምት ጨዋታ አይሆንም።

ጥንቃቄ፦ ሃይላንድ እስከ አፉ ከተሞላ ከግማሽ ሊትር ይበልጣል። ገና ሳይከፈት ውኃው የደረሰበትን በእስክሪብቶ አስምሪና ሁለቱንም እስከዚያው ብቻ ሙሉ። የገበያውን ጣሳ ለጊዜው ተዪው፣ ልኩ ከሻጭ ሻጭ ይለያያል።