ቧንቧ «ይሠርጻል» ወይስ «ያቆጠቁጣል»?

ጥያቄ፦ ስለ ቆሽት ካንሰር የተተረጎመ ጽሑፍ ሳነብ «በዕጢው ዙሪያ አዳዲስ የሊምፍ ቧንቧዎች ይሠርጻሉ፤ ካንሰሩም በእነርሱ በኩል ይዛመታል» የሚል አገኘሁ። መሥረጽ ዘልቆ መግባት አይደለምን? ቧንቧ እንዴት ይሠርጻል?

መልስ፦ ያነሡት ቃል ለዓመታት ያሳሰበኝ ስለሆነ በሁለት መስመር መልሼ ላልፈው አልወድም። «ሠረጸ» በግእዝ በቀለ፣ አቆጠቆጠ፣ ከነባሩ ወጣ ማለት ነው፤ በጸሎተ ሃይማኖት ስለ መንፈስ ቅዱስ «ዘሠረጸ እምአብ» (ከአብ የወጣ) የምንለውም መውጣትን እንጂ መግባትን አያመለክትም። አማርኛ ግን አቅጣጫውን ገልብጦ «ሐሳቡ በልቡ ሠረጸ» አለ። የበቀለ ነገር ወደ ላይ ሲወጣ ሥሩን ወደ ታች ስለሚሰድ ትርጉሙ ሥሩን ተከትሎ የወረደ ይመስለኛል።

«አደጉ» ቢባል ይበቃል የሚሉ አሉ፤ አይበቃም። የሊምፍ ቧንቧ በሕዋሳት መካከል የሚጠራቀመውን ሊምፍ የተባለ ፈሳሽ የሚወስድ ቀጭን ቧንቧ ነው። የካንሰሩ ሕዋሳትና በዙሪያቸው ያሉት ቪኢጂኤፍ-ሲ የተባለውን ፕሮቲን ሲያመነጩ፣ ፕሮቲኑ በሊምፍ ቧንቧ ግድግዳ ሕዋሳት ላይ ካለው ተቀባይ ጋር ይገናኛል፤ በዚህም ነባሩ ቧንቧ ሊሰፋ፣ ከግድግዳውም አዲስ ቅርንጫፍ ሊወጣ ይችላል። መስፋትና መውለድ ሁለት ነገር ናቸው፤ «አደገ» ሁለቱን ይደባልቃል። «በቀለ»ም ቢሆን ከዘር ወይም ከመሬት የተነሣ ያስመስላል፤ ይህኛው ግን ከነባር ቧንቧ ጎን የሚወጣ ነው፤ ይህም የ«ሠረጸ» ጥንተ ትርጉም ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የካንሰሩ ሕዋሳት በቀጭኑ የሊምፍ ቧንቧ ግድግዳ ክፍተት ዘልቀው ይገቡና ከቆሽቱ አጠገብ ወዳሉት የሊምፍ ዕጢዎች ይደርሳሉ። (ሕዝባችን እግር ሲቆስል በብሽሽት የሚያብጠውን የሊምፍ ዕጢ «ንፍፊት» ብሎ ከሰየመ ቆይቷል፤ ወደዚያ ለሚያደርሰው ቧንቧ ግን ስም አላወጣለትም።) የዛሬው አንባቢ «ሠረጹ» ሲባል የሚያስበው ይህንን የሕዋሳቱን መግባት ነው። ስለዚህ በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ቧንቧው ወጣ ሲባል ሕዋሱ ገባ ተብሎ ይነበባል፤ በሽታው የሚዛመትበትን መንገድ ለሚያስረዳ ጽሑፍ ደግሞ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

እንግዲህ ባልወድም እቀበላለሁ፤ ለታካሚና ለቤተሰቡ በሚጻፍ ጽሑፍ «ከነባሮቹ የሊምፍ ቧንቧዎች አዳዲሶች ያቆጠቁጣሉ፤ የካንሰሩ ሕዋሳትም ወደ ውስጣቸው ዘልቀው ይገባሉ» ይባል። የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከጉቶው ሲያቆጠቁጥ ያየ ሁሉ ይረዳዋል። በሕክምና መዝገበ ቃላት ግን ለሂደቱ መጠሪያ «የሊምፍ ቧንቧ ሥርጸት» እንዲባል አሁንም እሟገታለሁ፤ «ማቆጥቆጥ» ለአርእስትነት ጆሮዬን አይሞላውም። ሲጽፉትም በንጉሡ ሠ ይጻፉት።