የመስከረምና የጥቅምት ጉዞ፦ በጣና ዳር ንጽሕናንና ጤናን ስለ መጠበቅ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ሲሞላው ወደ ዘጌ፣ ወደ ጎርጎራና ወደ ጢስ ዓባይ የሚጓዘው ሰው ይበዛል። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከልም አብዛኞቹ ድንኳን ተክሎ ስለ ማደርና ረጅም መንገድ በመኪና ስለ መጓዝ የሚጠይቁ ስለሆኑ አራቱን መርጠን መልሰናል። ለመጀመሪያው ሰፋ ያለ ቦታ የሰጠነው፣ ብዙ ሰው ቀለል አድርጎ የሚያየው፣ በሐይቁ ዳርቻ ለሚያድር ሰው ግን እጅግ አሳሳቢ የሆነ ጉዳይ በመሆኑ ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼና ከሁለት ልጆቼ ጋር በጥቅምት አጋማሽ ጣና ዳር ድንኳን ውስጥ ለማደር አስበናል። ልጆቹ መዋኘት ይወዳሉ፤ እኛም ገላችንን እዚያው ሐይቁ ውስጥ እንታጠባለን ብለን ነበር። አንድ ወዳጄ ግን «ቢልሃርዚያ አለና እንዳትገቡ» አለኝ። ጥርት ባለ ውኃ እንዲህ ያለ ስጋት አለን? *(ከባሕር ዳር)*

መልስ፦ ወዳጅዎ እውነቱን ነግረውዎታል። የአንጀት ቢልሃርዚያ በጣና ዙሪያ ለረጅም ዘመን የኖረ፣ በጥገኛ ትል የሚመጣ በሽታ ነው፤ የውኃው ጥራትም ዋስትና አይሆንም። የትሉ እንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል። ዓይነ ምድሩ በጎርፍ ታጥቦም ይሁን በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ሲገባ እንቁላሉ ይፈለፈልና በሣርና በደንገል መካከል በሚኖሩ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች አካል ውስጥ ያድጋል። ከዚያ የሚወጣው እጭ በዓይን አይታይም፤ የሰው ቆዳ ሲያገኝ ግን ቁስል ወይም ጭረት ሳያስፈልገው በደቂቃዎች ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። ቀንድ አውጣዎቹ እጩን በብዛት የሚለቁት ፀሐይ በበረታችበት በቀኑ አጋማሽ ሲሆን፣ የሚለቁትም ልጆች ሊንቦጫረቁ በሚመርጡት ጥልቀት በሌለው፣ ሞቅ ባለና ሣር በበዛበት ዳርቻ ነው። ስለዚህ ልጆችዎን ሐይቁ ውስጥ አያስገቧቸው የሚለውን ምክር ያለ ማለሳለስ እንሰጥዎታለን። መዋኘት ካማራቸው በክሎሪን ወደታከመ የመዋኛ ገንዳ ይውሰዷቸው።

ለገላ መታጠቢያ ከቤትዎ የቧንቧ ውኃ በጀሪካን ሞልተው ቢሄዱ ከሁሉም ይሻላል። ይህ ካልሆነ ከሐይቁ የተቀዳውን ውኃ በንጹሕና ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ አጣርተው፣ በጀሪካን ከድነው ሁለት ቀን ሙሉ ካስቀመጡት እጩ ከቀንድ አውጣም ከሰውም ተለይቶ ያን ያህል መቆየት ስለማይችል ይሞታል። ሁለት ቀን የመጠበቅ ጊዜ ለሌለው ሰው ውኃውን አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ መታጠብ በቂ ነው። የሚቀዳው ሰውም እግሩን ውኃው ውስጥ ሳይነክር፣ ከድንጋይ ወይም ከጀልባ መውረጃ ላይ ቆሞ ይቅዳ፤ ካልሆነም ረጅም የጎማ ቦቲ ይልበስ። በጀልባ መጓዝ በራሱ የሚያስፈራ አይደለም፤ ችግሩ ዳር ላይ ዘሎ ሲወርዱና ጀልባውን በባዶ እግር ሲገፉ ነው። በድንገት ውኃው የነካው ሰው ወዲያውኑ ገላውን በፎጣ ጠበቅ አድርጎ ቢያደርቅ ሊጠቅመው ይችላል፤ ነገር ግን ይህን ተማምኖ መግባት አይገባም።

ከአካባቢው ሰዎች መካከል «እንዶድ ከተጨመረበት ችግር የለውም» የሚሉ ሊያጋጥሙዎት ይችላሉ። አባባሉ መሠረት አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው የጀመሩት ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አረጋግጧል፤ ለዚህም ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። በሀገራችን ሳይንስ ከምንኮራባቸው ሥራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። አንድ መንገደኛ እፍኝ እንዶድ ሐይቅ ዳር ቢበትን ዓሣውን ከመጉዳት በቀር ለልጆቹ የሚያስገኝላቸው መከላከያ የለም።

ድንኳኑን ከውኃው ዳር ራቅ አድርገው፣ በተለይም ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አካባቢ ፈቀቅ ብለው ይትከሉ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ከውኃ ይወጣል፤ መመለሻ መንገዱ ላይ የቆመን ሰውም አይምርም።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከሴት ጓደኞቼ ጋር ለሁለት ቀን ወደ ዘጌ ልንሄድ ነው። በጥቂት ውኃ ንጽሕናችንን እንዴት እንጠብቅ? የወር አበባ ቢመጣብንስ? ይህን ለመጠየቅ ስላፈርኩ ነው በደብዳቤ የጻፍኩት። *(ከባሕር ዳር)*

መልስ፦ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ብዙዎች ሊጠይቁት ፈልገው የተዉትን ጠይቀውልናል።

አምስት ሊትር ንጹሕ ውኃ በአግባቡ ከተጠቀሙበት ለአንድ ሰው የምሽት መታጠቢያ ይበቃል። ፎጣ ነክረው በመጀመሪያ ፊትና አንገት፣ ቀጥሎ ብብት፣ ከዚያ የሰውነት እጥፋቶች፣ በመጨረሻም እግር ይታጠባል። የእግር ጣቶች መካከል በደንብ ይድረቅ፤ ቀኑን ሙሉ በጫማ የታፈነ እርጥብ እግር ለፈንገስ የተመቸ ነው። የውስጥ ልብስ ከጥጥ የተሠራ ቢሆንና በየቀኑ ቢቀየር ይመረጣል። ብልትን በንጹሕ ውኃ ብቻ ከፊት ወደ ኋላ መታጠብ በቂ ሲሆን፣ ሽታ ያለው ሳሙና ውስጠኛውን ክፍል ያሳክካል እንጂ አይጠቅምም።

የወር አበባ ባይጠብቁም ሞዴስ ይዘው ይሂዱ፤ መንገድና ድካም ቀኑን ሊያዛቡት ይችላሉ። ሞዴሱን ቢበዛ በየስድስት ሰዓቱ፣ ፍሰቱ ከበዛ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ፤ ከመቀየርዎ በፊትም በኋላም እጅዎን ይታጠቡ። ያገለገለው ሞዴስ ሐይቅ ውስጥ አይጣል፣ አይቀበርም፤ ውሻና ጅብ ቆፍረው ያወጡታል። በወረቀት ጠቅልለው፣ በሚገባ በሚዘጋ ከረጢት ይዘው ወደ ከተማ ይመለሱ።

ለእጅ መታጠቢያ አንድ ቀላል ዘዴ እናሳይዎት። የሃይላንድ ክዳን ላይ በጋለ ምስማር አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ይብሱ፤ ውኃ ሞልተው ክዳኑን አጥብቀው በገመድ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ዘቅዝቀው ይስቀሉት። ጠርሙሱን ጨመቅ ሲያደርጉት ቀጭን ውኃ ይወርዳል፤ ሲለቁት ይቆማል። ሳሙናውን በአሮጌ ካልሲ ውስጥ ከትተው ከጎኑ ካንጠለጠሉት መሬት ላይ ወድቆ አፈር አይለብስም። ሳኒታይዘር ጥሩ ነው፤ ጭቃና ቅባት በነካው እጅ ላይ ግን የሳሙናንና የውኃን ሥራ አይሠራም።

መጸዳጃ ቤት በሌለበት ከሐይቁና ከወንዙ ቢያንስ 60 ሜትር ርቀው፣ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ከተጠቀሙ በኋላ አፈር ይመልሱበት። ከላይ የጠቀስነው የቢልሃርዚያ ዑደት የሚጀምረው ሜዳ ላይ በተተወ ዓይነ ምድር ስለሆነ፣ ይህ ጉዳይ የባለንጀሮችዎ ብቻ ሳይሆን የዘጌ ልጆችም ጤና ነው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ቤተሰቤን ይዤ እመጣለሁ። ባለፈው ጊዜ መንገድ ላይ የበላነው ሁላችንንም አስቀመጠን። ምን እንብላ፣ ምን እንጠጣ? *(ከአዲስ አበባ)*

መልስ፦ መንገድዎ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዓባይ በረሃ ሙቀት ወደ እንጅባራ ብርድ ያሻግራል። ተዘግቶ በቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ወጥ በረሃው ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ለመንገድ ከሁሉ የሚሻለው የእናቶቻችን ስንቅ ነው፦ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ። እነዚህ ውኃ ስለሌላቸው ተህዋሲያን አይራቡባቸውም፤ ከጭኮው በቀር ጾመ ጽጌን ለሚጾሙትም ይስማማሉ። በሶም ከዚሁ ይመደባል፤ ነገር ግን የሚበጠበጥበት ውኃ ካልታከመ ደረቅ መሆኑ የሰጠን ጥቅም እዚያው ይጠፋል። ምግብ ቤት ከገቡ ከእሳት ወርዶ ትኩስ የቀረበውን ይምረጡ፤ ጥሬ ሥጋና በየት ውኃ እንደታጠበ የማይታወቅ ሰላጣ ለቤትዎ ይቆይ። የጣናንም ዓሣ በደንብ ጠብሰው ወይም ቀቅለው ይብሉት።

የመጠጥ ውኃ ከታሸገው ካለቀብዎት አፍልተው ይጠጡ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃው ከተንተከተከ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ እንደ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ባሉ ቦታዎች ግን ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ስለሚፈላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ውኃ አጋርን የመሰለ የክሎሪን ማከሚያ የሚጠቀሙ ከሆነ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን መጠን ጨምረው 30 ደቂቃ ይጠብቁ። በመስከረም የወንዝ ውኃ ድፍርስ ስለሆነ አስቀድሞ ይጥለል፣ በታጠፈ ንጹሕ ነጠላም ይጣራ፤ ጭቃ የክሎሪኑን ኃይል ይጨርሰዋልና።

ተቅማጥ ከጀመረ የሚገድለው የፈሳሽ ማለቅ ነው። ኦ.አር.ኤስ. የተባለውን በውኃ የሚበጠበጥ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከመድኃኒት ቤት ገዝተው ይያዙ። በእጅዎ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ቀስ በቀስ ያጠጡ፤ ከዚህ የበዛ ጨው ለሕፃን አደገኛ ነው። ዓይነ ምድሩ ደም ካለው፣ ልጁ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም መጠጣት ካቃተው ጉዞውን ትተው በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

ጥያቄ፦ እኛ ደጋ ነው የለመድነው። ጣና ዳር ሌሊቱ ይበርዳል ወይ? ከሰል አቀጣጥለን ድንኳን ውስጥ ብናስገባስ? ለወባስ ምን እናድርግ? *(ከደብረ ታቦር)*

መልስ፦ ከሰሉን በምንም ምክንያት አያስገቡ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሰኘው ብርድ እውነት ነው፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳያስነቃ ይገድላል። የድንኳኑን በር ከፈት ማድረግም አያድንም። ሞተሩ በሚሠራ፣ በቆመ መኪና ውስጥ መተኛትም እንደዚሁ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር የተሰማው ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣና ሕክምና ያግኝ። ለሙቀት ጋቢና ብርድ ልብስ ደርቡ፤ ክዳኑ በማያፈስ ጠርሙስ ሙቅ ውኃ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ እግርጌ አድርጉት።

ደጋ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋም አቅም አላካበተምና እናንተን ይበልጥ ያሰጋችኋል። ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወባ በሐይቁ ዙሪያ የሚበረታበት ጊዜ ነው። የወባ ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ስለምትናከስ ፀሐይ ስትጠልቅ ረጅም እጅጌና ሱሪ ልበሱ፣ ዲት የተባለ ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፣ በኬሚካል የታከመ አጎበር ውስጥ ተኙ፤ ድንኳን ዚፑ ከተዘጋና መረቡ ካልተቀደደ ይረዳል። ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን አብሯችሁ ካለ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከመጣ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ። የወባ ትኩሳት ትንኟ ከነከሰች ቢያንስ ከሰባት ቀን በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ቪቫክስ የተባለው ዓይነት ደግሞ ከወራት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ደብረ ታቦር ላይ የሚመረምራችሁ ባለሙያ ወባን እንዲጠረጥር ጣና ዳር ማደራችሁንና ቀኑን ንገሩት፤ በዚያው ዕለት ደም ተመርመሩ። የሐይቁ ውኃ የነካው ሰው ካለ ደግሞ ለቢልሃርዚያ የሚመረመረው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። ትሉ ገና ለጋ ሳለ እንቁላሉ በምርመራ አይገኝም፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒትም ያደገውን ትል እንጂ ለጋውን በሚገባ አይገድለውም።