የቴክኖሎጂ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን፦ ተኝቶ የቀረው የጉድጓድ መለኪያ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦች፣ ነዋሪነቴ በጎንደር ከተማ አዘዞ ነው። በደምቢያ፣ ከቆላ ድባ ወጣ ብሎ ቤተሰቦቼ የነጭ ሽንኩርት ማሳ በሚያጠጡበት ጉድጓድ ላይ የውኃውን ከፍታ በየአምስት ደቂቃው እየለካ በየሰዓቱ በሞባይል የጽሑፍ መልእክት የሚያሳውቅ መሣሪያ ሠርቻለሁ። መሣሪያው የሚሠራው በ8 ሜጋኸርዝ በሚሄድ አትሜጋ 328ፒ ማይክሮኮንትሮለር (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒዩተር ቺፕ) ሲሆን፣ ዲኤስ 3231 የተባለው የሰዓት ሞጁል በአላርም ያነቃዋል፤ መልእክቱን የሚልከው ደግሞ ሲም 800ኤል የተባለው የሞባይል ሞጁል ነው። ኃይል የሚያገኘው ከአንድ የሊቲየም ባትሪ ስለሆነ በየመሐሉ ወደ ጥልቁ የእንቅልፍ ደረጃ እንዲገባ አድርጌዋለሁ። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ሳለ አንድም ጊዜ አላስቸገረኝም። ጉድጓዱ ጋ ከተተከለ በኋላ ግን አንዳንድ ጊዜ በማግስቱ፣ አንዳንድ ጊዜም ከቀናት በኋላ ዝም ይላል። ሄጄ የሪሴት ቁልፉን ስጫነው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ሥራውን ይቀጥላል። ባትሪውን ለውጫለሁ፣ ማይክሮኮንትሮለሩንም ለውጫለሁ፤ ችግሩ ግን አልተለየኝም። ምክንያቱ ምን ሊሆን ይችላል?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ጠረጴዛ ላይ ደኅና ሆኖ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ የሚተኛ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ ብልሽት የለበትም። በሁለቱ ቦታዎች መካከል የተለወጠው የኔትወርኩ ጥንካሬ ነው፤ ይህ ደግሞ ከእንቅልፉ ጋር የማይገናኝ ቢመስልም በጣም ይገናኛል። አዘዞ ላይ በጥቂት ሰኮንዶች የሚሄደው መልእክት ገጠር ላይ የሞባይል ሞጁሉ ኔትወርክ እስኪይዝ፣ ሳይሳካ ሲቀር ደግሞ እስኪሞክር ድረስ ከአምስት ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሐል የሚቀጥለው አላርም ይደርሳል። አላርሙ የደረሰው ግን ማይክሮኮንትሮለሩ ነቅቶ በሌላ ሥራ ተጠምዶ ሳለ ነው።

እዚህ ላይ የዲኤስ 3231ን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። አላርሙ ሲደርስ ሞጁሉ የማንቂያ መስመሩን ወደ ዜሮ ቮልት ይጎትተዋል፤ መስመሩም በራሱ አይለቀቅም። በሁኔታ ሬጅስተሩ (ሞጁሉ የራሱን ሁኔታ በሚመዘግብበት ቦታ) ውስጥ፣ ማለትም በአድራሻ 0ኤክስ0ኤፍ ላይ፣ የአላርም አንድ ፍላግ (አላርሙ መድረሱን የሚያሳይ ምልክት) የመጀመሪያው ቢት፣ የአላርም ሁለት ፍላግ ደግሞ ቀጣዩ ቢት ነው። ፕሮግራሙ እነዚህን ቢቶች ዜሮ አድርጎ እስካልጻፈ ድረስ መስመሩ ለሰዓታትም ሆነ ለቀናት ዜሮ ላይ ይቆያል። ብዙ ሰዎች ከተዘጋጁ ምሳሌዎች እንደሚወስዱት እርስዎም ኢንተረፕቱን (ማይክሮኮንትሮለሩን ከያዘው ሥራ ወይም ከእንቅልፉ የሚጠራውን ምልክት) «መስመሩ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ» እንዲነሣ አድርገው አዘጋጅተውት ከሆነ፣ ያ መውረድ የተከሰተው መሣሪያው መልእክት ሲልክ ነው። ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ ሲተኛ መስመሩ አስቀድሞ ታች ስለሆነ ዳግመኛ ሊወርድ አይችልም፤ ስለዚህ የሚያነቃው ነገር አይኖርም። በር አንዴ አንኳኩቶ ዝም ያለን እንግዳ የሚሰማው በዚያች ቅጽበት ጆሮውን የሰጠ ሰው ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ በለውጥ የሚነሣ ኢንተረፕትም ያለፈውን ጥሪ ለተኛው መሣሪያ ደግሞ አያሰማም።

ይህ ግምት በእርስዎ መሣሪያ ላይ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ቀላል መንገድ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ሲል ሪሴቱን ከመጫንዎ በፊት፣ ባትሪውንም ሳይነቅሉ፣ መልቲሜትርዎን በቮልት ላይ አድርገው በማንቂያ መስመሩና በመሬት መስመሩ መካከል ይለኩ። የማንቂያ መስመሩን ከኢንተረፕት ዜሮ ጋር አገናኝተውት ከሆነ፣ ባለ 28 እግሩ አትሜጋ ላይ የሚለኩት አራተኛውን እግር ነው። ንባቡ ወደ ዜሮ ከቀረበ ፍላጉ ሳይጠፋ መሣሪያው ተኝቷል ማለት ነው። ንባቡ ከባትሪው ቮልቴጅ ጋር ተቀራራቢ ከሆነ ግን ሰዓቱ ጨርሶ አልጠራውም፤ ለዚህ ደግሞ ሌላ የታወቀ ምክንያት አለ። አላርሙን በሰዓት፣ በደቂቃና በሰኮንድ እንዲገጥም አድርገው የሚጽፉ ከሆነና የጻፉት ጊዜ በመልእክቱ መዘግየት የተነሣ አስቀድሞ ካለፈ፣ ዲኤስ 3231 ያንን ጊዜ የሚያገኘው በማግስቱ ነው። መሣሪያዎ ለአንድ ቀን ያህል ጠፍቶ በራሱ ተመልሶ ያውቅ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሪሴት ማድረግ ሁለቱንም ችግሮች ስለሚሸፍን፣ ቁልፉን መጫን መሣሪያውን ቢያስነሣም ምርመራውን ያበላሻል።

መፍትሔው የሚጀምረው ኢንተረፕቱን ከ«መውረድ» ወደ «ዝቅተኛ ደረጃ» በመለወጥ ነው። አትሜጋ 328ፒ በጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ ሰዓት ምቱን ሁሉ ቢያቆምም በኢንተረፕት ዜሮና አንድ እግሮቹ ላይ ያለውን ዝቅተኛ ደረጃ ያለ ሰዓት ምት መለየት ይችላል። መስመሩ ሊተኛ ሲል ታች ሆኖ ቢጠብቀው እንኳ ወዲያውኑ ይነቃል እንጂ ተኝቶ አይቀርም። ይህ ለውጥ የራሱ ጥንቃቄ አለው፦ መስመሩ ታች እስካለ ድረስ ኢንተረፕቱ ያለማቋረጥ ስለሚደጋገም ዋናው ፕሮግራም ወደፊት መሄድ ያቅተዋል። ስለዚህ በኢንተረፕቱ ተግባር ውስጥ የሚጻፈው የመጀመሪያው ነገር ያንኑ ኢንተረፕት የሚዘጋ ትእዛዝ መሆን አለበት፤ ከእርሱ በቀር ሌላ ብዙ ነገር ባይኖርበት ይመረጣል። የሰዓቱን ሞጁል ማነጋገርና ፍላጉን ማጥፋት የዋናው ፕሮግራም ሥራ ነው።

ቀጥሎ ያለው የቅደም ተከተል ጉዳይ ሲሆን፣ ብዙ ሰው በችኮላ የሚያልፈው እርሱን ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ በመጀመሪያ የቆየውን ፍላግ ያጥፉ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን አላርም ይጻፉ፤ ከዚያም የአሁኑን ሰዓት መልሰው አንብበው የጻፉት ጊዜ ገና ያልደረሰ መሆኑን፣ ያውም ጥቂት ሰኮንዶች የሚተርፉት መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካለፈ ወይም ከተቃረበ ወደሚቀጥለው አምስተኛ ደቂቃ ያሻግሩት። አላርሙን አስቀድሞ ጽፎ ፍላጉን በኋላ ማጥፋት አደገኛ ነው፤ በሁለቱ መካከል አላርሙ ቢደርስ አዲሱን ጥሪ በእጅዎ ያጠፉታል። ከሰዓቱ ሞጁል ጋር ያለውን ንግግር ሁሉ የሚጨርሱትም ኢንተረፕቶችን ከመዝጋትዎ በፊት መሆን ይኖርበታል፤ ምክንያቱም ይህን ንግግር የሚያካሂደው ዝግጁ ፕሮግራም፣ የአርዱዪኖው የዋየር ላይብረሪ፣ ራሱ በኢንተረፕት የሚሠራ ስለሆነ ኢንተረፕት ተዘግቶ ሳለ ቢጠሩት እዚያው ይቆማል።

ከዚያ በኋላ ኢንተረፕቶችን በሙሉ ዝጉ፤ የማንቂያ መስመሩን ሁኔታ በቀጥታ ከእግሩ ያንብቡ፤ ታች ከሆነ መተኛቱን ይተዉትና ወደ ሥራ ይመለሱ። ላይ ከሆነ ኢንተረፕት የሚከፍተውንና የሚያስተኛውን ትእዛዝ በመካከላቸው ምንም ሳያስገቡ አከታትለው ይጻፉ። አትሜጋ 328ፒ በሚመደብበት የኤቪአር ማይክሮኮንትሮለሮች ቤተሰብ ላይ ኢንተረፕት ከተከፈተ በኋላ የሚመጣው አንድ ትእዛዝ ማንኛውም የሚጠባበቅ ኢንተረፕት ከመስተናገዱ በፊት እንዲፈጸም ተደርጓል። በመሆኑም በዚያች ጠባብ ክፍተት የመጣ ጥሪ የሚስተናገደው ከእንቅልፉ ትእዛዝ በኋላ ነው፤ ያም ማለት ያነቃዋል ማለት ነው። በሁለቱ ትእዛዞች መካከል አንዲት መስመር ለምርመራ እንኳ ብትገባ ይህ ዋስትና ይጠፋል። ፕሮግራሙ ወደ ኮምፒዩተር የሚልከው ጽሑፍ ካለም ከዚህ ሁሉ በፊት ተልኮ እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ተቆርጠው ይቀራሉ።

ይህን ሁሉ አስተካክለውም ቢሆን ጉድጓዱ ከቤትዎ ሩቅ ስለሆነ ሁለተኛ ቀስቃሽ እንዲያስቀምጡ አጥብቄ እመክራለሁ። በማይክሮኮንትሮለሩ ውስጥ ያለው ጠባቂ ሰዓት ቆጣሪ፣ ማለትም ዋችዶጉ፣ በጥልቁ እንቅልፍ ውስጥም በራሱ 128 ኪሎኸርዝ ኦሲሌተር (ምት ሰጪ) ስለሚሠራ የሰዓቱ ሞጁል ቢበላሽ ወይም ሽቦው ቢላቀቅ እንኳ ያነቃል። ረጅሙ ጊዜው 8 ሰኮንድ ያህል በመሆኑ በነቃ ቁጥር አንድ እየጨመሩ እንዲቆጥርና ወዲያው እንዲተኛ ያድርጉት፤ ከሰዓቱ ጥሪ ሳይመጣ ቁጥሩ ከስድስት ወይም ከሰባት ደቂቃ ካለፈ ፍላጉን አጥፍቶ አላርሙን እንደ አዲስ እንዲጽፍ ያዝዙት። የዋችዶጉ ኦሲሌተር በቮልቴጅና በሙቀት ስለሚዛባ ለመለኪያ ሰዓትነት አይታመንም፤ ለመቀስቀስ ግን ይበቃል። ፍጆታው ጥቂት ማይክሮአምፒር ነው፤ ዜሮ ላይ የቀረ የማንቂያ መስመር መስመሩን ወደ ላይ በሚይዘው ባለ 10 ኪሎኦም ፑል-አፕ ረዚስተር በኩል ከሚያባክነው ወደ 370 ማይክሮአምፒር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ዋችዶጉን ሪሴት እንዲያደርግም ካዘዙት ከሪሴቱ በኋላ በአጭሩ ጊዜው እንደበራ እንደሚቆይ አይዘንጉ፤ ፕሮግራሙ ሲጀምር የዋችዶግ ሪሴት ፍላጉን አጥፍቶ ዋችዶጉን ካልዘጋ መሣሪያው በማያቋርጥ ሪሴት ውስጥ ይወድቃል። የቆዩ የአርዱዪኖ ቡትሎደሮች (መሣሪያው ሲነሣ ቀድመው የሚሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) በዚህ ይታወቃሉ፤ ኦፕቲቡት የተባለው ቡትሎደር ግን ችግሩን ይፈታዋል።

የኃይሉን ነገርም መመልከት ይገባል። ሲም 800ኤል ሲልክ ለአጭር ቅጽበት እስከ 2 አምፒር ይስባል፤ የሚፈልገውም ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ነው። የደምቢያ ሌሊት ሲቀዘቅዝ የባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ስለሚጨምር በቀን ችሎት የነበረውን ጭነት ሌሊት ላይቋቋም ይችላል፤ ቮልቴጁ ድንገት ሲወርድም ማይክሮኮንትሮለሩ ሊዛባ ይችላል። ከሞጁሉ እግር አጠገብ ቢያንስ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ያኑሩ፤ ሽቦዎቹንም አጭርና ወፍራም ያድርጓቸው። የዝቅተኛ ቮልቴጅ ጠባቂውንም በ2.7 ቮልት ላይ ያብሩት፤ በእንቅልፍ ጊዜ ብቻ በፕሮግራም ሊያጠፉት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ከማራኪ የምጽፍ ተማሪ ነኝ። ኢኤስፒ 8266 የተባለውን ባለ ዋይፋይ ማይክሮኮንትሮለር ለአንድ ሰዓት ወደ ጥልቅ እንቅልፍ አስገብቼው አልነቃም ብሏል። አላርም የሚሰጥ የውጭ ሰዓትም የለኝም። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ የጎደለው አንድ ሽቦ ይመስለኛል። ኢኤስፒ 8266 ጊዜው ሲደርስ በጂፒአይኦ 16 እግሩ ላይ የሪሴት ምልክት ይሰጣል እንጂ ራሱን በውስጥ አያስነሣም፤ ስለዚህ ይህ እግር ከሪሴት እግሩ ጋር መገናኘት አለበት። አዲስ ፕሮግራም ሲጭኑ ግን ግንኙነቱ ሊያስቸግር ስለሚችል የሚነቀል ማገናኛ ቢያደርጉበት ይሻላል። ሽቦው ካለና አሁንም ካልነቃ፣ በሚነሣበት ቅጽበት የጂፒአይኦ 0 እና 2 እግሮች ከፍተኛ ደረጃ፣ ጂፒአይኦ 15 ደግሞ ዝቅተኛ ደረጃ ላይ መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ከእነዚህ በአንዱ ላይ የተያያዘ ሴንሰር ደረጃውን ከቀየረው ቺፑ ነቅቶም ፕሮግራምዎን አይጀምርም። የእንቅልፉ ጊዜ በማይክሮሰኮንድ በ32 ቢት ቁጥር ሲሰጥ ጣሪያው 71 ደቂቃ ያህል ስለሆነ አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ሁለት ሰዓት ከፈለጉ ግን ሁለት ጊዜ ማስተኛት ይኖርብዎታል። በነቃ ቁጥር ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ስለሚጀምርና ተራው ማኅደረ ትውስታ ስለሚጠፋ፣ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ የሚያስታውሰውን ቁጥር ከእንቅልፍ በሚተርፈው ባለ 512 ባይት የአርቲሲ (የውስጥ ሰዓቱ) ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ያስቀምጡት።