ለራይዘን 5 5600 የሳጥኑ ኩለር ይበቃል ወይስ የውሃ ኩለር ልግዛ?

ሰላም ወንድሜ። የኤኤምዲን ፕሮሰሰር ራይዘን 5 5600 በቢ450 ማዘርቦርድ ላይ ገጥመህ፣ ጌም ላይ 85 ዲግሪ ስለሚደርስብህ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ኩለር በውሃ ኩለር ልቀይረው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። የውሃ ኩለር አያስፈልግህም። መጀመሪያ ያለህ ኩለር በትክክል መቀመጡን አጣራ፤ ካልበቃህ ደግሞ አራት የመዳብ ቱቦና አንድ 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው ታወር ኩለር ከበቂ በላይ ነው። የሚተርፈውን ብር ግራፊክስ ካርዱ ላይ ጨምርበት፤ የጌም ፍጥነት የሚጨምርልህ እሱ ነው።

5600 ላይ የተጻፈው 65 ዋት ነው፤ እንዲወስድ የሚፈቀድለት ጣሪያ ግን 76 ዋት ነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር ገጽ) ውስጥ ፒቢኦ የሚባለውን የኃይል ጣሪያ ማንሻ ካላበራህ በቀር ከዚያ አያልፍም፤ ጌም ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ በታች ነው። ዋቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ የሚሞቀው፣ ኮሮቹ ያሉባት ቺፕ 81 ካሬ ሚሊሜትር አካባቢ ብቻ ስለሆነች ነው። ሙቀቱ ከዚያች ጠባብ ቦታ እስኪወጣ ድረስ የኩለሩ ግዝፈት ብዙ አያግዘውም። ለዚህ ነው በጥሩ ታወርና በትልቅ የውሃ ኩለር መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ፕሮሰሰር ላይ ጥቂት ዲግሪ ብቻ የሚሆነው። ኤኤምዲ ለ5600 የሰጠው ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል እንጂ አይቃጠልም።

ብር ከማውጣትህ በፊት ሙቀትና ዋት የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎን ከፍተህ፣ ፕሮሰሰሩን በሙሉ አቅሙ የሚያሠራውን ሲንቤንችን ለ10 ደቂቃ አሂድ። ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ዋቱንና ፍጥነቱንም አብረህ እይ። 76 ዋት እየወሰደ ሙቀቱ 85 ላይ ከቆመና ፍጥነቱ ወደ 4.4 ጊጋኸርዝ ከተጠጋ፣ ኩለሩ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ችግርህ ጩኸት ብቻ ነው። 50 ዋት ላይ እያለ 90 ከነካ ግን የኩለሩ ማነስ አይደለም። ወይ አንዱ ብሎን አልጠበቀም፣ ወይ ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መካከል ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቋል፣ ወይ አቧራ ዘግቶታል። ከዚያ የኬዙን የጎን መስታወት አውልቀህ ድገመው። ሙቀቱ 7 ወይም 8 ዲግሪ ከወረደ ኬዝህ አየር አጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ከፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ 120 ሚሊሜትር ፋን ግጠም። ያለዚያ የትኛውንም ኩለር ብትገዛ ያንኑ የሞቀ አየር ነው የሚያሽከረክረው። ፊቱ ሙሉ በሙሉ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል።

ቁጥሮቹን ከውጭ ሪቪው ጋር ስታነጻጽር ከፍታችንን አትርሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የሚያካክሰው የቤታችን ቅዝቃዜ ነው። ድሬዳዋ ወይም አዋሳ ያላችሁ ደግሞ ክፍሉ በጨመረው ዲግሪ ልክ ፕሮሰሰሩም እንደሚጨምር አስቡ። 38 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የሳጥኑ ኩለር በእርግጥ ይቸገራል፤ እዚያ ታወር መግዛት ተገቢ ነው።

ለመግዛት ከወሰንክ ቴርማልራይት አሳሲን ኤክስ 120 አርኤስኢ፣ ዲፕኩል ኤጂ400 ወይም ኤኬ400 ፈልግ። የእኔ ምርጫ ኤጂ400 ወይም አሳሲን ኤክስ ነው፤ ለ76 ዋት ከዚያ በላይ መክፈል ትርጉም የለውም። ቁመታቸውን ልብ በል፦ አሳሲን ኤክስ 120 አርኤስኢ 148፣ ኤጂ400 150፣ ኤኬ400 155 ሚሊሜትር ነው። የኬዝህ ማኑዋል ከሌለህ ከፕሮሰሰሩ ክዳን እስከ መስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ድረስ በማስመሪያ ለካና ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ትርፍ ተው። ራምህ መብራት ያለውና ረጅም ከሆነ ፋኑ ከፍ ብሎ መቀመጥ ስለሚኖርበት ያንንም ቁመት ደምርበት።

ያገለገለ ኩለር ስትገዛ ወይም ከዱባይም ከአሜሪካም ሰው ሲያመጣልህ፣ የኤኤም4 (የፕሮሰሰርህ ሶኬት) ብራኬትና ብሎኖቹ ሳይጎድሉ መኖራቸውን አስቆጥር። ኩለሩ ሁሉም ቦታ ይገኛል፤ የጎደለ ብራኬት ግን ለብቻው ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። የኢንቴል 1700 ሶኬት ቀዳዳዎች 78 ሚሊሜትር፣ የ1200 ደግሞ 75 ሚሊሜትር ስለሚራራቁ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተር ያላችሁ ደግሞ የብሎኑ ቀዳዳም የፋኑ መሰኪያም ብዙ ጊዜ የራሳቸው ስለሆነ፣ ሳታዩ አትግዙ።

አሁን አደገኛው ቦታ፦ የድሮውን ማውለቅ። ኤኤም4 ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው፤ 1,331 ናቸው። ፔስቱ ደርቆ ከተጣበቀ ኩለሩን ቀጥ አድርገህ ስትስበው የሶኬቱ ክንድ ተቆልፎም እንኳ ፕሮሰሰሩ አብሮ ይወጣና ፒኖቹ ይጣመማሉ። ስለዚህ ኮምፒውተሩን ለ10 ደቂቃ ጌም ላይ አሙቀው፣ አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል፣ ኬዙን አስተኛው። አራቱን ብሎኖች ተራ በተራ ፍታ፤ ከዚያ ኩለሩን ሳታነሳ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቀስ እያልክ አዙረው። ሲለቅህ ይታወቅሃል፤ የዚያን ጊዜ አንሳው። የድሮውን ፔስት በአይሶፕሮፒል አልኮልና በሶፍት ጥረግ።

ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያለችውን ብረት እንዳትጥላት፤ አብዛኛው ታወር በእሷ ላይ ነው የሚታሰረው። የሳጥኑ ኩለር ሲወልቅ ብሎኖቹ የያዟት እነሱ ስለነበሩ ወዲያው ትወድቃለች፤ በአንድ እጅህ ከኋላ ደግፋት። የአዲሱን እግሮችና ሁለቱን ዘንጎች አጥብቀህ ስትጨርስ አተር የምታህል ፔስት መሃል ላይ አድርግ። በጣት አትለቅልቃት፤ ግፊቱ ራሱ ይዘረጋዋል። የኩለሩ መቀመጫ ላይ ያለችውን ላስቲክ ላጥ፤ ብዙ «ኩለሩ ተበላሽቷል» የሚል ጥያቄ መነሻው እሷ ናት። ሁለቱን ብሎኖች አንዱን ሁለት ዙር፣ ሌላውን ሁለት ዙር እያልክ እኩል አጥብቅ። አንዱን ጨርሰህ ወደ ሌላው ከሄድክ ኩለሩ ያጋድልና ፔስቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል። ረጅም ካቻቢቴ ያስፈልግሃል፤ ፋኑን መጨረሻ ላይ ግጠመው። አየሩ የሚወጣው ፋኑ መስቀለኛ ፕላስቲክና ስቲከር ባለበት በኩል ነው፤ ያ ጎን ወደ ኬዙ ኋላ ይዙር። ገመዱን «ሲፒዩ ፋን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ላይ ሰካ፤ ሌላ ቦታ ከሰካኸው ማዘርቦርዱ ሲነሳ የፋን ስህተት ሊያሳይህ ይችላል።

የሳጥኑ ኩለር ወደ ታች ስለሚነፍስ በሶኬቱ ዙሪያ ያሉትን የኃይል ክፍሎችም ያቀዘቅዝ ነበር፤ ታወሩ ይህን አያደርግም። ማዘርቦርድህ እዚያ ላይ የአሉሚኒየም ክዳን ከሌለው የኋላው ፋን የግድ ነው።

ቀጥሎ ባዮስ ግባና የፋኑን ከርቭ (በየሙቀቱ የሚዞርበትን ፍጥነት) አስተካክል። ራይዘን ብራውዘር ስትከፍት እንኳ በቅጽበት ከ45 ወደ 65 ዲግሪ ዘሎ ይመለሳል፤ ፋኑ ይህን እየተከተለ ከፍ ዝቅ ሲል ነው የሚያሰለቸው። እስከ 65 ዲግሪ 40 በመቶ ላይ አቆየው፣ 75 ላይ 65 በመቶ፣ 85 ላይ 100 በመቶ አድርገው።

የውሃ ኩለርን ያልመከርኩህ በዋጋው ብቻ አይደለም። ፓምፑ ከቆመ ኮምፒውተሩ መሥራት ያቆማል፤ ፓምፑን ጠግኖ የሚሰጥህ ደግሞ አታገኝም። የታወር ፋን ቢበላሽ ግን ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነ ማንኛውንም 120 ሚሊሜትር ፋን ፋኑን በምትይዘው ሽቦ ታስረዋለህ።

በየሦስት ወሩ አቧራውን አስወጣ። ብሎወር ስትጠቀም ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣትህ ያዘው፤ በኃይል ሲዞር ቦርዱን ሊጎዳም ዘንጉንም ሊያላላ ይችላል። የኬዝህን ስምና የሲንቤንቹን ሦስት ቁጥሮች እዚሁ ሥር ጻፍልን፤ ቁመቱ ይገባ እንደሆነ ከማዘዝህ በፊት አብረን እናያለን።