ጫትና ኮኬይን ሁለቱም ዶፓሚን (የአንጎል ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ኬሚካል) ከጨመሩ ልዩነታቸው ምንድነው ላልከው

ልዩነቱ ትራንስፖርተሩ ላይ ነው። ኮኬይን የተለቀቀውን ዶፓሚን ወደ ነርቭ ሴሉ የሚመልሰውን ትራንስፖርተር ይዘጋዋል፣ ራሱ ግን ወደ ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ዶፓሚኑ መመለሻ አጥቶ ውጭ ይከማቻል።

ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ግን እንደ አምፌታሚን (ሌላ አነቃቂ መድሃኒት) ነው የሚሰራው፣ ዶፓሚን መስሎ በዛው በር ይገባና ትራንስፖርተሩን በተቃራኒው ያሰራዋል፣ ማለትም ሲያስገባ የነበረው ፓምፕ ዶፓሚኑን ወደ ውጭ መግፋት ይጀምራል፣ ሴሉ ምንም ሲግናል ባይልክም እንኳን። (ጫት ትኩሱ የሚፈለገውም ለዚህ ነው፣ ቅጠሉ ሲደርቅ ካቲኖን ወደ ደካማው ካቲን ይቀየራል።)

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ እኔ ፈተና ላይ አነቃቂ መድሃኒት ሁሉ እንደ አምፌታሚን ዶፓሚን ያስለቅቃል ብዬ ጽፌ ነጥብ ሄዶብኛል። ሪታሊን ለምሳሌ ከአምፌታሚን ጋር ለአንድ አይነት የትኩረት ችግር ይታዘዛል፣ አሰራሩ ግን እንደ ኮኬይን መዝጋት ነው።