መልስ፦ በፒኤችኪው-9 (የድብርት ምልክቶችን በሚጠይቀው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ) 14 ነጥብ ያመጣች ታካሚ «ድብርት አለባት» ይባላል?

አይባልም። በ14 ነጥብ ብቻ ካርዷ ላይ «ድብርት» ብለሽ አትጻፊ። መጠይቁ የሚጠቁመው ማን ተጨማሪ ምርመራ እንደሚያስፈልገው ነው፤ ከ27 ነጥብ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣን ሰው ቁጭ ብሎ ማነጋገር ግድ ነው።

1. መጀመሪያ 9ኛውን ጥያቄ እዪ። ሞትን ወይም ራሷን መጉዳትን ካሰበች፣ ድምሩ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ዕቅድ እንዳላት በግልጽ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። ዕቅድ ካላት ብቻዋን አትተያት፤ አንቺ ካለሽበት ከአዘዞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም፣ ሰው አስይዘሽ ዛሬውኑ ላኪያት።

2. ድካም፣ እንቅልፍ ማጣትና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ከደም ማነስ ወይም ከእንቅርት ችግርም ሊመጣ ይችላል። በቅርቡ መውለዷን፣ ሐዘን ላይ መሆኗንም ጠይቂ።

3. ሥራዋንና ቤቷን እንዴት እንደያዘች ትንገርሽ።

አንድ ነገር አደራ፦ ማንበብ ካልቻለች ጥያቄውን አብሯት የመጣው ባሏ ወይም አማቷ አያንብቡላት። በቤተሰብ ፊት 9ኛው ጥያቄ «ኧረ በፍጹም!» ይባልና፣ በሩ ተዘግቶ ለብቻ ሲጠየቁ መልሱ ሲለወጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። አንቺው ራስሽ፣ ቃሉን ሳትቀይሪ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢላት።