የአንባቢዎች ጥያቄ፦ ሂማላያ መቼ ይወጣል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ከ6,000 ሜትር በላይ የሆኑ ተራሮች ወጥቻለሁ፤ አሁን አንድ የ8,000 ሜትር ተራራ መሞከር አምሮኛል። አንዱ ጓደኛዬ «ከሜይ ውጪ አይታሰብም» ይለኛል። ሌላው ደግሞ ሴፕቴምበርና ኦክቶበር ይሻላል ብሎ ይምላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ተራራ ነው። መጀመሪያ ተራራህን ምረጥ፣ ወሩን ተራራው ራሱ ይነግርሃል። (ወሮቹን እንዳንተው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ብዙ ሰው ወቅት ሲመርጥ መጀመሪያ የሚያስበው ብርዱን ነው። እኔ ነፋሱን አስቀድም እላለሁ። ጄት ስትሪም የሚባል፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ አለ፤ ከመኸር መገባደጃ ጀምሮ እስከ ሜይ መግቢያ ድረስ የትልልቆቹን ተራሮች ጫፍ ሲደበድብ ይከርማል። በዚያ ሰሞን ኤቨረስትን ከሩቅ ብታየው፣ ነፋሱ የጠረገው በረዶ ከጫፉ ላይ እንደ ነጭ ባንዲራ ሲውለበለብ ታያለህ። ያ እስካለ ድረስ ድንኳንህ ውስጥ ቁጭ በል። ሜይ አጋማሽ ገደማ ሞንሱኑ (የክረምቱን ከባድ ዝናብ የሚያመጣው ነፋስ) ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ በኩል ሲቃረብ ነፋሱ ወደ ሰሜን፣ ወደ ቲቤት ገፋ ይላል። ነፋሱ ሄዶ ዝናቡ ሳይመጣ መሃል ላይ ጥቂት ጸጥ ያሉ ቀናት ይገኛሉ፣ ሁሉም ሰው ወራት ሙሉ የሚዘጋጀው ለእነሱ ነው። ኤቨረስትን መጀመሪያ የወጡት ሂላሪና ቴንዚንግም በ1953 ጫፉን የረገጡት ሜይ 29 ነበር።

ችግሩ፣ ቀኖቹ ጥቂት ናቸው፤ የሚፈልጋቸው ሰው ግን ብዙ ነው። በ2019 ሜይ ኤቨረስት ጫፍ አጠገብ የተነሳውን የሰልፍ ፎቶ ሳታየው አትቀርም። ሁሉም አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ከፊቱ ያለው እስኪንቀሳቀስ እየጠበቀ፣ ኦክስጅኑ እየተንጠፈጠፈ፣ እግሩ እየደነዘዘ። አየሩ ጥሩ ነው፣ ወረፋው ግን ይገድላል።

መኸሩ (ሴፕቴምበርና ኦክቶበር) ሌላ ጠባይ አለው። ሞንሱኑ ሲወጣ ሰማዩ ይጠራል፣ እውነት ነው፤ ግን የዝናቡ ወራት የከመሩት በረዶ ገና አልረጋም። ስለዚህ የናዳው ስጋት ከፍተኛ ነው። በ2022 ሴፕቴምበር መጨረሻ ማናስሉ በሚባለው የኔፓል ተራራ ላይ የወረደው ናዳ ሰው ገድሎ ብዙዎችን አቁስሏል። በዚያ ላይ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፦ በጸደይ (ከማርች እስከ ሜይ) ብትዘገይ እያንዳንዱ ሳምንት ይሞቅልሃል፣ ቀኑም ይረዝማል። በመኸር ብትዘገይ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ያጥራል፣ ጄት ስትሪሙም ተመልሶ ይመጣል። የጸደዩ ትዕግሥትም ቢሆን ልክ አለው፤ ሜይ መጨረሻ ላይ ኤቨረስት ላይ ያለው ኩምቡ የሚባለው የተሰነጣጠቀ የበረዶ መንገድ ሙቀቱ ስለሚያላላው መሰላሎቹን ያሰሩት ችካሎች መነቃነቅ ይጀምራሉ፣ ሸርፓዎቹም (መንገዱን የሚያዘጋጁት የአካባቢው ተራራ ወጪዎች) መንገዱን ይዘጉታል።

እንግዲህ የኔ ምክር፦ የመጀመሪያ የ8,000 ሜትር ተራራህ ከሆነ ማናስሉ (8,163 ሜትር)፣ በሴፕቴምበር መጨረሻ። በዚያ ሰሞን ብዙ ቡድን ስለሚኖር ገመዱ ይዘረጋል፣ ዱካውም ይወጣል። በረዶ ብዙ ከጣለ ግን ሁለት ሦስት ቀን ሳይረጋ እንዳትነቃነቅ፣ ሌላው ሰው ቢሄድም። ኤቨረስት ካልክ ግን ሜይ ነው፣ አትከራከር። አማ ዳብላምን የመሰለ 6,812 ሜትር የሆነ ተራራ ቢሆን ደግሞ ኦክቶበርና ኖቬምበር ግሩም ናቸው።

ጥያቄ፦ ኔፓል በዝናቡና በብርዱ ወቅት የኤቨረስትን ፈቃድ በርካሽ ትሰጣለች ሲባል ሰማሁ። አያዋጣም?

መልስ፦ ርካሽነቱስ ርካሽ ነው። ከሴፕቴምበር 2025 ወዲህ አንድ የውጭ ዜጋ በተለመደው የደቡብ መንገድ ለመውጣት በጸደይ 15,000 ዶላር ይከፍላል፤ በመኸር 7,500፣ በቀሪዎቹ ሁለት ወቅቶች 3,750 ዶላር። ግን ፈቃድ ብቻውን አያወጣህም። ከጸደይ ውጪ ገመድና መሰላል ተዘርግቶ አይጠብቅህም፣ ያንን ሁሉ ሠራተኛ በራስህ ኪስ ልትቀጥር ነው። በብርዱ ወቅት ደግሞ የአየር ግፊቱ ስለሚወርድ ያችው ጥቂት ኦክስጅን እንኳ ትሳሳለች። ፖላንዳውያኑ ሲሂና ቪየሊትስኪ በ1980 ፌብሯሪ አድርገውታል፤ ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ሜስነርም በዚያው ዓመት ኦገስት፣ በሞንሱን መሃል፣ ብቻውን፣ ያለ ኦክስጅን ጠርሙስ በቲቤት በኩል ወጥቷል። እነሱን አይተህ እንዳትሸወድ፣ የሌላ ዓለም ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ኬቱስ? እሱም በሜይ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ኬቱ (K2፣ ከኤቨረስት ቀጥሎ ያለው የዓለም ረጅሙ ተራራ) ያለው ካራኮረም በሚባለው የተራራ ሰንሰለት ነው፣ ከኤቨረስት በጣም ወደ ሰሜን ምዕራብ፤ ሞንሱኑ እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ አልቋል። ስለዚህ ኔፓል በዝናብ ስትታጠብ የፓኪስታኑ በኩል ወቅቱ ይደራል፣ የጫፉ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከጁላይ መጨረሻ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ይወድቃል። በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጣውም ጁላይ 31 ነበር። በብርዱ ወቅት እስከ 2021 ጃንዋሪ ድረስ ማንም አልቻለውም፤ የቻሉት አሥር ኔፓላውያን ናቸው። አንድ ሁለት የ8,000 ሜትር ተራራ ሳትወጣ ግን ስለ ኬቱ ወር ባትጠይቀኝ ደስ ይለኛል።